ከጽዋው ጎን ያደረው ቆርቆሮ

እንግሊዞች አንድ ሰው ሲቀናው፣ ሥራ ሲይዝና ለቤቱ ሲተርፍ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ? «የአሳማ ሥጋ ይዞ ቤቱ ገባ» ይላሉ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እነሱ ናቸው። በቋንቋቸው «ብሪንግ ሆም ዘ ቤከን» ነው የሚባለው፤ ቤከን ማለት በጨው ታሽቶ በጢስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ነው። እኛ ለእንዲህ ያለው ሰው «እንጀራ ወጣለት» እንላለን፤ በዚህ አነጋገራችን እስከ ዛሬ የተጎዳ ሰው አልሰማሁም። የነሱን አነጋገር ግን ላሊበላ ላይ በተግባር የሞከርኩት እኔ ነኝና ትርጉሙንና አጠቃቀሙን ከኔ በላይ የሚያስረዳችሁ አታገኙም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ወልድያ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ጨረስኩ። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አነሰ፤ ባል ለማግባት ደግሞ በዛ። ለሽምግልና የመጡት ሰዎች «ልጅቷ ብዙ ትናገራለች» ብለው ተመለሱ፤ እኔም «ልጁ ምንም አይናገርም» ብዬ አልተከፋሁም። እናቴ እንደምትለው እኔ የምቀመጥበት ወንበር ገና አልተሠራም። ብቻ ወደ ላሊበላ ተመልሼ በመንግሥት ሆቴሉ በጊዜያዊነት እንግዳ ተቀባይ ሆንኩ። እንግዳ መቀበል ጥሩ ሥራ ነው፣ እንግዳ ካለ። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ፈረንጁ እየሳሳ ሄዶ፣ አንዳንድ ቀን የክፍሎቹን ቁልፎች ከመስቀያው አውርጄ አንድ በአንድ እወለውልና መልሼ እሰቅላቸው ነበር፤ ሥራ እንዳይረሱ።

በዚያ ወራት ሆቴሉን ሆቴል ያሰኘው አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነው። የመጣው የአብያተ ክርስቲያናቱን ግድግዳ ሊያጠና ነው። ጠዋት ወጥቶ ስንጥቅ ይለካል፣ ማታ ተመልሶ እራቱን ይበላል፣ በማግስቱ ያንኑ ስንጥቅ ይለካል። የከተማው ሰው «ስንጥቅ ለኪው» የሚል ስም አወጣለት። እኔ ደግሞ እራቱን ሲበላ አጠገቡ ቆሜ እንግሊዝኛ አስተምረኝ እያልኩ ጉሮሮውን እዘጋበታለሁ። ደግ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ እራት አንድ አነጋገር ያስተምረኛል። አነጋገር ደግሞ፣ ይለኛል፣ አንዲት ቃሉ ከተነካች ይበላሻል። እንዳለ መያዝ ነው።

ቋሚ ሠራተኛ መሆኔ የተነገረኝ እሑድ ቀን ነው። ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ሳይጨርስ ሮጬ ለሽማግሌው ነገርኩት። ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝና «እንግዲህ ዛሬ የአሳማ ሥጋ ይዘሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለኝ።

«ምን ይዤ?»

ትርጉሙን አስረዳኝ። የድሮ ገበሬዎቻቸውን፣ ጢሱን፣ ጨውን፣ ሁሉንም ነገረኝ።

«በግ አጥታችሁ ነው?» አልኩት።

«በግማ ሞልቶናል።»

«ታዲያ በግ ይዞ ገባ አይባልም?»

«አይባልም። በግ ካልሽ እንግሊዝኛ መሆኑ ይቀራል።»

«ይቅራ» አልኩት። በዚህ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ ወደ ክፍሉ ሄደና በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ነገር ይዞልኝ መጣ። ሻንጣውን ሸክፏል፤ ጠዋት በአውሮፕላን ሊሄድ ነው። «ለቤትሽ» አለና ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ይጫወት ነበር። ያኔ የስንብት እንባ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ያበላሸው ደግሞ አስተዳደጌ ነው። ስጦታ ሲሰጧችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉ፣ ጎንበስ በሉ፣ ሰጪው ፊት ቆማችሁ አትፍቱ ተብለን ነው ያደግነው። ፈረንጆች የተሰጣቸውን እዚያው ቀደው ያያሉ ሲባል ስግብግብነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጥንቃቄ ነው። እኔ በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ሳልፈታ ወደ ቤቴ ገሰገስኩ።

እቤት ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። ከአዲስ ሥራ የተገኘ የመጀመሪያ ነገር ሳይነካ ለእናት ይሰጣል። እናቴ እትዬ ብርቄ ትባላለች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ጠላ እየጠመቀች ነው ያሳደገችኝ። በዚያ ሰሞን ግን ነፍሷ ያለው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ የገብርኤል ማኅበር ድግስ ተራ ሊደርሳት ነው። የማኅበሩ አባል አባቴ ነበር። እሱ ሲሞት ማኅበርተኛው «ባል የሌላት ሴት ድግሱን አትችለውም፤ ቦታው ለሌላ ይሰጥ» ብሎ ነበር። እናቴ «የባሌ ቦታ ላይ ከኔ በቀር ማንም አይቀመጥም» ብላ ተሟግታ ተራ አገኘች። ማክሰኞ የመጀመሪያ ተራዋ ነው። ያማረ እንደሆነ ቦታዋ ጸና፤ የከሸፈ እንደሆነ «ብለን ነበር» የሚሉት አፋቸውን አሹለው እየጠበቁ ነው።

የማኅበሩ ጽዋ ካለፈው ወር ጀምሮ እኛ ቤት ነበር። ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ከላይ መደርደሪያው ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ጽዋው ከገባ ወዲህ እቤታችን ውስጥ ድምፅ ማሰማት ቀርቷል። ላስነጥስ ስል እናቴ ወደ ላይ ታይና ወደ ደጅ ትጠቁመኛለች።

ጥቅሉን ስሰጣት ተቀብላ ሳመችው።

«ምንድን ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እንጃ፤ የፈረንጅ ነገር ነው። ብስኩት ይሆናል።»

«ይከብዳል።»

«ደህና ብስኩት ነዋ።»

«አልፈታውም» አለች። «የሥራሽ በኩራት ነው፤ ለገብርኤል ይሁን። ማክሰኞ ዕለት መምሬ ሞገስ ባርከው ይፈቱታል፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ይቀምሰዋል።» ይህን ብላ በርጩማ ላይ ወጣችና ከጽዋው ጎን አስቀመጠችው። እዚያው አደረ።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ቀበሌ ሄደች፤ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበረ፤ መቅረት ያስጠይቃል። እኔ ከሰዓት ነው ሥራ የምገባው። ከአንድ የተጠቀለለ ነገር ጋር ብቻዬን ቤት ቀረሁ። መቀመጫ የሌላት ልጅ ከተጠቀለለ ነገር ጋር ብቻዋን አይተዋትም። ልፈታው አላሰብኩም፤ ጠርዙን ገለጥ አድርጌ ላየው ብቻ ነው። ገለጥኩት።

ሮዝ ቀለም ያለው፣ ወፍራም፣ አንገት የሚባል ያልፈጠረበት፣ የወጥ ቤት ቆብ የደፋ እንስሳ ከቆርቆሮው ላይ ይስቅብኛል። ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ሆኖም ተምሬያለሁና አነበብኩት። በዚያችው ደቂቃ አውሮፕላኑ በቤታችን ጣሪያ ላይ እያጓራ አለፈ። ስንጥቅ ለኪው መሄዱ ነው። ይመለስለት እንዳልል እሱም ሰማይ ላይ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ቆርቆሮው ከጽዋው ጎን አድሯል። ነገ ማኅበር ነው። ሰው ይህን ቢሰማ እንኳን ጠላችንን ሊጠጣ በደጃችንም አያልፍ። እናቴ ሳትመለስ ይህን ነገር ማጥፋት አለብኝ። አጥፍቼ ብስኩቱን አይጥ በላው እላለሁ።

ይጣል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። የት? ላሊበላ ለኃጢአት የሚሆን ባዶ ቦታ ያልተተወበት ከተማ ነው። ወደ ታች ልጣለው ብል ወንዙ ዮርዳኖስ ነው፤ ጥምቀት የሚከበርበት። ውኃውም በበጋ ቆርቆሮ አይሸፍንም። በወንጌሉ እሪያዎቹ ራሳቸው ሮጠው ነው ባሕር የገቡት፤ የኔው እግር የለውም። ወደ ላይ ልውሰደው ብል ደብረ ዘይት ነው። በወዲህ ጎልጎታ፣ በወዲያ ቤተልሔም። ልቅበረው ብል አገሩ ድንጋይ ነው፤ ዶማ ያነሣ ሁሉ ንጉሥ ላሊበላ አይደለም። ደግሞ ቢሳካልኝስ? ከሥር ገና ያልተገለጠ ቤተ ክርስቲያን አለ ሲባል ነው ያደግኩት። ጣሪያውን በስቼ አሳማ ላስገባበት ነው?

ገደል ብወረውረው ደግሞ የባሰ ነው። እዚህ አገር ቆርቆሮ ወድቆ አይቀርም። ባዶው እንኳ ሲገኝ ኩራዝ ይሆናል፣ ሹሮ ይሰፈርበታል፣ እጅ ይታጠቡበታል። ሙሉውን ያገኘ ሰው የሰማይ ስጦታ ነው ብሎ ልጆቹን ሰብስቦ ይከፍተዋል። ሥዕሉን አይቶ አይተወውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የኛ ሰው የሚያውቀው ከርከሮን ነው፤ ጥቁር፣ ጠጉራም፣ ገብስ ጨራሽ። ይህን እንደ ፈረንጅ የቀላ ባለ ቆብ ፍጡር ያየ የውጭ አገር ቄስ ነው ቢል አይፈረድበትም።

በመጨረሻ ወደ ሆቴሉ ልመልሰው ቆረጥኩ። እዚያ የፈረንጅ ምግብ የሚቀመጥበት መደርደሪያ አለ፤ የራሱ ወገን መጥቶ ይብላው። ቆርቆሮውን በጋዜጣው ጠቅልዬ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ።

ወደ ሆቴሉ የሚወስደው መንገድ በቀበሌው በር ነው የሚያልፈው። በሩ ላይ አብዮት ጠባቂው አያ ሙላት ጠመንጃቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ቁሚ» አሉኝ። «ምን ይዘሻል?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ ያብጣል?»

«አያ ሙላት፣ ዘነጉኝ እንዴ? የብርቄ ልጅ ነኝ።»

«አልዘነጋሁሽም። የማውቀውን ሰው ነው የምፈትሸው፤ የማላውቀውማ በዚህ አያልፍም።»

እጃቸውን ሰደው በነጠላው ላይ ዳበሱት። ድቡልቡል፣ ከባድ፣ ቀዝቃዛ። እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰቡ።

«ቦምብ ነው?»

«አይደለም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ቢሆን ብብቴ ሥር አላደርገውማ።»

«ቦምብ የያዘ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው» አሉና ወደ ቀበሌው አዳራሽ ጠቆሙኝ። «ወደ ሊቀ መንበሩ።»

«እንኩ፣ እርስዎ ይያዙት።»

«አንቺው ያዢው። እኔ ከኋላሽ ነኝ።»

ከኋላዬ ማለታቸው ሌላ ሰፈር ሆነው ነው። ከሩቅ «ቀስ በይ፣ አትወዝውዢው» ይሉኛል። እንዲህ ሆነን አዳራሽ ገባን፤ እኔ ቀድሜ፣ እሳቸው ፍንዳታው የማይደርስበት ርቀት ላይ።

አዳራሹ በሴት ሞልቷል። ፊት ለፊት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አያሌው ቆሞ ያስተምራል። ጓድ አያሌው ድሮ የቆሎ ተማሪ ነበረ፤ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ እኛ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የእናቴን ቁራሽ በልቶ ያደገ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ድጓውን ትቶ መፈክር ያዘ፤ ዜማው ግን አልለቀቀውም። «ይውደም» ሲል ቅዳሴ የገባችሁ ይመስላችኋል። የዚያን ቀን ትምህርቱ ስለ ጎጂ ልማድ ነበር። «ይህን እበላለሁ፣ ያን አልበላም ማለት» ይላል እያዜመ፣ «የኋላ ቀርነት ቅሪት ነው። ሳይንስ እንደሚለው ፕሮቲን ፕሮቲን ነው።»

ከፊት ሚስቱ ተቀምጣለች። መካከል ላይ እናቴ አለች። ከእናቴ አጠገብ እትዬ ጥሩነሽ አሉ፤ እሳቸው የገብርኤል ማኅበር ሙሴ ናቸው፣ አለቃዋ ማለት ነው። «ባል የሌላት ሴት አትችለውም» ያሉትም እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ባል የላቸውም፤ ግን እሱ ሌላ ነገር ነው።

ጓድ አያሌው ቆርቆሮውን ተቀብሎ ከጋዜጣው አወጣውና ሥዕሉን ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ምን ይመስላችኋል ይሄ?»

«ጥጃ» አለች አንዷ።

«ቡችላ ነው። ደኅና የጠገበ» አለች ሌላዋ።

«ቆብ አድርጓል እኮ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «የተሾመ ነው።»

ጓድ አያሌው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ምን ይላል?»

«ሥጋ ይላል» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ አንዲት ቃል ነው የቀነስኩት።

«የምን ሥጋ?»

«የውጭ አገር ሥጋ።»

ፊቱ በራ። «አያችሁ፣ ትምህርታችን ማስረጃ ይዞ መጣ። ፕሮቲን ማለት ይኸው ነው። ሁላችንም እንቀምሰዋለን» አለና ከኪሱ ሴንጢ አወጣ። ቀኑ ሰኞ ሆነና ጾም ነው ብዬ እንኳ አላመልጥም።

በዚህ ጊዜ እናቴ ብድግ አለች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ይሄ የኔ ነው። ጋዜጣውን አውቀዋለሁ። ልጄ ቋሚ ስትሆን የተሰጣት በኩራት ነው፤ ለገብርኤል ብዬ ከጽዋው ጎን ያሳደርኩት ነው። ማን ከዚያ እንዳወጣው እንጃ እንጂ ነገ ለማኅበርተኛው የሚቀርብ ነው።»

እትዬ ጥሩነሽ እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «አበጀሽ ብርቄ» አሉ። «አላወቅሁሽም ነበር። የፈረንጅ ሥጋ ለገብርኤል ያቀረበ ማኅበርተኛ አይቼ አላውቅም።»

እናቴ በዚያች ንግግር አንድ ክንድ ያህል ረዘመች። እኔ እሷን ሳይ፣ ሴንጢውን ሳይ፣ እሷን ሳይ፣ የሴንጢው ጫፍ ክዳኑ ላይ ዐረፈ። ዝም ብል ቀበሌው በሙሉ ይበላል፤ የተረፈው ነገ ተባርኮ ማኅበሩ ይበላዋል። ብናገር ይቺ የረዘመች እናቴ ታጥራለች። ጓድ አያሌው ሴንጢውን ጫን አለ።

«አሳማ ነው» አልኩ።

እናቴ ቁጭ አለች።

«ለምን ሰጠሽ?» አለኝ ጓድ አያሌው፤ ዜማው ጠፍቶበታል።

«ሥራ ስለያዝኩ ነው። እነሱ ዘንድ ሰው ሲቀናው የአሳማ ሥጋ ይዞ ቤቱ ገባ ይባላል። አነጋገር ነው። ሊቀልድ ፈልጎ መሰለኝ።»

«ሲቀናው አሳማ ከሆነ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ «ሳይቀናውስ ምን ይዞ ይገባል?»

ይህን ሽማግሌውን መጠየቅ ነበረብኝ። እትዬ ጥሩነሽ ግን በኔ አላበቁም። ወደ ጓድ አያሌው ዞሩ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቅድም ፕሮቲን ፕሮቲን ነው ሲሉን ነበር። ሴንጢውንም ይዘዋል። ይቀጥሉ እንጂ።»

ሴቱ ሁሉ ወደ ጓድ አያሌው አየ። ካልቀመሰ ኋላ ቀር ነው፤ የገዛ አፉ ነው ያለው። ከቀመሰ ደግሞ ሚስቱ ከፊት ተቀምጣለች፤ ዓይኗ «ዛሬ የት ነው የምታድረው?» እያለ ይጠይቀዋል። ግንባሩን ላብ አቸፈቸፈው። ሴንጢውን ቀስ ብሎ አጠፈና ኪሱ ከተተ።

«ከኢምፔሪያሊስት አገር የመጣ ምግብ» አለ፣ ዜማው ተመለሰለት፣ «በበላይ አካል ሳይመረመር አይበላም።» ቆርቆሮውን ወስዶ የቀበሌው ማኅተም ከሚቀመጥበት ካዝና ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ ሁላችንንም መፈክር አሰምቶ በተነን።

ከአዳራሹ ስንወጣ እትዬ ጥሩነሽ እናቴን በክንዷ ያዟት። «ብርቄ፣ እኔ ብቻዬን አልፈርድም። መምሬ ሞገስ ዘንድ እንሂድ። እሳቸው አይሆንም ያሉ እንደሆነ ግን ጽዋው ዛሬውኑ ይወጣል፤ ቦታሽም አብሮ።»

በመንገድ እናቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብዙ ከሄድን በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«በሁለት እጅሽ ነው የተቀበልሽው?»

«አዎ።»

«እሱስ፣ በደንብ ነው ያሳደግሁሽ» አለች።

መምሬ ሞገስ የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ማጭድ ሲስሉ ደረስን። ነገሩን እትዬ ጥሩነሽ ነገሯቸው፤ ሲነግሩ ቆርቆሮው ወደ ማድጋ አደገ። መምሬ ማጭዳቸውን እየሳሉ ሰምተው ጨረሱ።

«ቆርቆሮው ተከፍቷል?» አሉ።

«አልተከፈተም መምሬ» አልኩ።

«ተሸፍኖ ነበር?»

«በጋዜጣ።»

«ጽዋውስ?»

«በነጭ ጨርቅ ተከድኖ ነበር፣ አባቴ» አለች እናቴ።

መምሬ ማጭዱን ወደ ፀሐይ አነሡና ስለቱን አዩ። «እንግዲያው አልተያዩም» አሉ።

«ሽታውስ መምሬ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ሸተተሽ?»

«እኔንማ አልሸተተኝም።»

«ጽዋውንም አልሸተተውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰውየው በክፋት ነው የሰጠሽ?»

«አይደለም መምሬ። እንደ ምርቃት ነው።»

«ምርቃቱን ተቀበዪ፤ ቆርቆሮውን ለመንግሥት ተዪው። ቤቱ ነገ ጠበል ይረጫል። ጠበሉን የምታመጪው ግን አንቺ ነሽ፤ ከቅርቡ አይደለም፣ ከአሸተን ማርያም። እግሯ መቀመጥ አይወድም ይሉሻል። እንግዲህ ይውጣ።»

አሸተን ማርያምን የማያውቅ ካለ ከላሊበላ በላይ ያለ ተራራ መሆኑን ልንገረው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ነው። ገና ሲነጋጋ ቅል ይዤ ወጣሁ። በየማረፊያው ቁጭ እያልኩ የእንግሊዝን ሕዝብ በሙሉ፣ ከነገበሬው ከነአሳማው ወቀስኩ። ስወርድ ደግሞ ጠጠር አዳለጠኝና ከጠበሉ ግማሹ በላዬ ፈሰሰ። ከቤታችን በፊት እኔ ነጻሁ ማለት ነው። በቀረው መምሬ ቤቱን፣ ጋኑን፣ መደቡን፣ እኔንም ደግመው ረጩ።

ማኅበርተኛው መጣ። መምጣቱንስ መጣ፤ ቁጭም አለ። እናቴ ከቤቱ ቆርቆሮ የተባለ ሁሉ አውጥታ ኩራዛችንን ሳይቀር ለጎረቤት ሰጥታለች። መምሬ ዳቦውን ባረኩ፣ ጠላውን ባረኩ፣ ጽዋውን ገለጡ፤ ወዲያው ግን ለሚያጣጥር ሰው ተጠርተው ሳይቀምሱ ወጡ። እናቴ በገንቦ እየዞረች ለሁሉም ቀዳች። ሁሉም ዋንጫውን ያዘ። ማንም አላነሣም።

አንዱ ዳቦውን ያገላብጣል፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። እትዬ ጥሩነሽ ዋንጫቸው ውስጥ ጽሑፍ እንዳለ ሰው አቀርቅረው ያያሉ። እናቴ ገንቦውን ታቅፋ መካከል ላይ ቆማለች። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ መልሼ ዘጋሁት።

በሩ ላይ ሳል ተሰማ። የአያ ሙላት ሳል ነው። ቀጥሎ ጓድ አያሌው ገባ፤ ሰማያዊ ካኪውን ለብሶ፣ እስክሪብቶውን ደረቱ ላይ ሰክቶ። ማኅበርተኛው ሁሉ ደነገጠ። ካድሬ ማኅበር ቤት ሲገባ ለደግ አይደለም።

«ቁጥጥር ነው» አለ። «በዚህ ቤት የውጭ አገር ሸቀጥ ተገኝቷልና ቀሪው ይፈተሻል።»

ጋኑን ጎንበስ ብሎ አየ። መደርደሪያውን አየ። ጽዋው ጋ ሲደርስ ቆቡን አወለቀ፤ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም። ከዚያ መካከል ላይ ቆመና የእትዬ ጥሩነሽን ዋንጫ አመለከተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠላ ነዋ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ለምን አልተጠጣም?»

ጓድ አያሌው እናቴን አያት። እናቴም አየችው። ዋንጫውን ከእትዬ ጥሩነሽ እጅ ወሰደና እስከ አተላው ሳይተነፍስ ጨለጠው። ጢሙን በመዳፉ ጠረገ። ሁላችንም አሁን ምን ይሆን ይሆን ብለን እናየዋለን።

«አልተበላሸም» አለ። ዋንጫውን ወደ እናቴ ዘረጋ። «ድገሚኝ እትዬ ብርቄ፤ በአንድ ናሙና አይወሰንም።»

ከዚያ ከመደቡ ጫፍ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ድሮ አኩፋዳውን ይዞ የሚቀመጥባት ቦታ ላይ ቁጭ አለ። ሁለተኛውን ሲያነሣ «ገብርኤል ያቆ…» አለና ሳል ያዘው። «አብዮታችንን ያቆይልን» ብሎ ጨረሰ።

«አሜን» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ብርቄ፣ ዋንጫዬን ወሰደብኝ እኮ። በሌላ ቅጂልኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እናቴ ብትነግራችሁ ነው የሚያምረው። እኔ የማውቀው ጋኑ ሳይመሽ መገልበጡን ነው። ጽዋው በእልልታ ወደሚቀጥለው ባለ ተራ ሲወጣ እትዬ ጥሩነሽ በራችን ላይ ቆመው «የዓመት ሰው ይበለን፤ ተራሽ ሲመለስ ደግሞ ከዚህ ያማረ ይሁን» አሏት። ተራሽ ሲመለስ። እናቴ ያችን ቃል ይኸው እስከ ዛሬ እንደ ጌጥ አንገቷ ላይ አስራ ትዞራለች።

ቆርቆሮው የበላይ አካል እስኪመረምረው ካዝናው ውስጥ አለ። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አውጥታለች። ሳሙናም ልግዛ ስኳር፣ የምይዘው ሁሉ የሚፈታው ደጅ ላይ ነው። እሷ አይታ፣ አገላብጣ፣ አሽትታ ነው የሚገባው።

በቀደም ከእንግሊዝ አገር ፖስታ መጣልኝ። ስንጥቅ ለኪው ነው። ወረቀት ብቻ መሆኑን እያየች እንኳ እናቴ አላስገባችኝም።

«እዚያው ቁሚና አንብቢው» አለችኝ።

ቆሜ አነበብኩት።

«ምን ይላል?»

«ደኅና ገባሁ ይላል። ስጦታዬን ቤትሽ አስገባሽው ወይ ይላል።»

እናቴ በሩን ተደገፈች።

«አስገባነው፣ አስወጣነውም፣ ተመስገን ብለሽ ጻፊለት» አለች። «ሌላ ጊዜ ሲመርቅ ደግሞ በግ ይበል በዪው። እንግሊዝኛው ቢበላሽም ይበላሽ።»